የዓሣ ማስገር ፈቃድ ክፍያ ይጨመር፤ ብሩ ግን ከሐይቁ አይራቅ

ዛሬ ቡናም ሰሊጥም አላነሳም። ሰሞኑን በውስጥ መስመር በብዛት የደረሰኝ ጥያቄ ስለ ዓሣ ነው፤ "ቆሮሶ ምን ነካው? ለምንድነው እንዲህ የሚሰቀለው?" የሚል። ከጠያቂዎቹ ገሚሶቹ ለሆቴልና ለዓሣ ቤት የሚያቀርቡ ነጋዴዎች ናቸው፤ የቀሩት ከአስጋሪ ማኅበራትና ከዩኒየኖች የጻፉልኝ ናቸው።

ጾም ነው፣ ነዳጅ ነው፣ በረዶ ጠፋ ትሉኛላችሁ። ሁሉም አለበት። ጾም ሲገባ ፈላጊ እንደሚበዛ ማንም ያውቃል። ነዳጅ ግን ሽንኩርቱንም ቲማቲሙንም እኩል ነው የሚነካው፤ ዓሣን ለብቻው ነጥሎ አያስወድድም። ዓሣን ለብቻው የሚያስወድደው ሐይቁ ውስጥ ያለው ነገር ነው፤ እሱን ለማወቅ ደግሞ የግድ ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም። ሚዛን ላይ ቁጠሩ። አንድ ኪሎ ቆሮሶ ስንት ራስ ይወጣዋል?

ቡና ላይ ደረጃ አለ፣ ሰሊጥ ላይም አለ። ዓሣ ላይ ደረጃው መጠኑ ነው። ድሮ በጥቂት ራስ ኪሎ ይሞላበት የነበረ ማራገፊያ፣ ዛሬ ሚዛኑ ላይ ትንንሹ ተከምሮ ታያላችሁ። ትንሹ ዓሣ ገና አንዴ እንኳ ሳይራባ የወጣ ነው። ይህ በገበሬ ቋንቋ ለዘር የተቀመጠውን እህል ፈጭቶ መብላት ነው። ዘር በተበላበት ዓመት ገበያ ላይ እህል ላይጠፋ ይችላል፤ የሚጠፋው በሚቀጥለው ነው። ስለዚህ "ዋጋው መቼ ይወርዳል?" ለሚለው መልሴ፣ አሁን በተያዘው አያያዝ አይወርድም የሚል ነው። ለአንድ ሳምንት ሊወርድ ይችላል፣ ተመልሶ ይወጣል።

የጣናን ነገር ላንሳ፤ በቁጥር የተያዘ ስለሆነ። ገበያ ላይ ነጭ ዓሣ እያልን የምንሸጣቸው፣ በሳይንስ ስማቸው ላቤዮባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች አሉ (በአርባ ምንጭ በኩል ነጭ ዓሣ የሚባለው ሌላ ነው፣ ናይል ፐርች)። ብዙዎቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። በክረምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ወንዞች ወጥተው ነው የሚራቡት። አስጋሪውም ይህን ያውቃል፤ መረቡን የወንዙ አፍ ላይ ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል በተደረገ ክትትል፣ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች ብዛት 75 በመቶ ገደማ መውረዱ ታይቷል። ይህ እምቦጭ ጣና ላይ ከመታየቱ በፊት ነው። ዛሬ ሁሉን በእምቦጭ ማሳበብ ስለተለመደ ነው ይህን ያልኩት።

እንግዲህ ምን ይደረግ ሲባል ሁለት ዓይነት ሐሳብ ይሰማል። አንዱ "ጫጩት ዓሣ ይጨመር" ነው። ሌላው "የፈቃድ ክፍያ ይጨመርና በሱ ሀብቱ ይልማ" ነው። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ፤ ግን እንደሚወራው አይደለም። ክፍያው የሚጨመርበት መንገድ፣ ብሩ የሚቀመጥበት ቦታና መጀመሪያ የሚውልበት ሥራ ካልተስተካከለ፣ አስጋሪው ላይ አንድ ሸክም ጨምረን ሐይቁን እንደነበረ እንተወዋለን።

ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያለፈቃድ ለገበያ ማስገር እንደማይቻል፣ በፈንጂና በመርዝ ማስገር እንደተከለከለ ይታወቃል። ክልሎችም የራሳቸውን አውጥተዋል። የጎደለው ሕጉን ሐይቅ ላይ ይዞ የሚወርድ ሰው፣ ጀልባና ቤንዚን ነው።

አሁን ያለው ፈቃድ ምን እንደሚመስል በማውቃቸው ማራገፊያዎች ልናገር። በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈል፣ ለሁሉም ያው የሆነ፣ ትንሽ ገንዘብ ነው። ባለ ታንኳውና ባለ ሞተሩ እኩል ይከፍላሉ። ሁለት መረብ ያለውና መኪና ሙሉ መረብ የሚጭነው እኩል ናቸው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ቁጥሩ ገደብ የለውም። ወረዳው ሥራ አጥ ወጣት ሲበዛበት አደራጅቶ ሐይቅ ላይ ያሰማራል፤ ሪፖርት ላይ "ይህን ያህል የሥራ ዕድል ተፈጠረ" ተብሎ ይጻፋል። ወጣቶቹ ላይ አይደለም ቅሬታዬ፣ ሥራ ይገባቸዋል። ነገር ግን ሐይቁ አልሰፋም፣ ዓሣውም አልጨመረም። በያዝነው ዓመት አርባ ሰው ይኖርበት የነበረው ዓሣ በሚቀጥለው ዓመት ለስልሳ ይከፋፈላል፣ ስልሳውም የመረቡን ዓይን እያጠበበ ትንሹን ማውጣት ይጀምራል። ቁጥር የሌለው ፈቃድ የሲኒማ ትኬት ነው፤ ያውም ወንበር ሳይቆጠር የሚሸጥ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማሻሻያ የብሩ መጠን አይደለም፣ ብሩ የሚቆረጥበት ነገር ነው። ሰው ላይ ሳይሆን መረብ ላይ ይቆረጥ። እያንዳንዱ መረብ ቁጥር ያለው የፕላስቲክ መለያ ይሰፋበት፤ ለአንድ ሐይቅ በዓመት የሚሰጠው መለያ ብዛት አስቀድሞ ይወሰን። ባለ ታንኳው ለሁለት ለሦስት መረቡ ጥቂት ይክፈል፣ ባለ ሞተሩ በመረቡ ብዛት ይክፈል። የዚህ ትልቁ ጥቅም ቁጥጥሩን ማቅለሉ ነው። ዛሬ ተቆጣጣሪ ሐይቅ ላይ ቢወጣ መረቡ የማን እንደሆነ፣ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። መለያ ካለ ግን ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም፤ መለያ የሌለውን መረብ ያነሳል፣ ይወርሳል። ያ ከድንበር ማዶ በኮንትሮባንድ የሚገባው፣ ሞኖፊላመንት የሚባለው ርካሽ ባለ አንድ ክር መረብም መለያ እንዳይሰጠው በማድረግ ብቻ ብዙ መግፋት ይቻላል። ያ መረብ ከጠፋ ወይም ከተጣለ በኋላም ውሃ ውስጥ ዓሣ ሲገድል ይከርማል።

ሁለተኛው ማሻሻያ የሚመለከተው እኛን ነው፤ ነጋዴዎች እዚህ ጋ ቅር እንደምትሉ አውቃለሁ። ከሐይቁ ዓሣ ትልቁን ድርሻ የሚያገኘው አስጋሪው አይደለም። ማራገፊያው ላይ የተገዛው ዋጋና ሆቴሉ በፊሌቶ የሚከፍለው መሐል ያለውን ልዩነት እናንተም እኔም እናውቀዋለን። በረዶው፣ መኪናው፣ ብልሽቱ የኛ ወጪ ነው፣ ልክ ነው። ያም ሆኖ ሐይቁ ቢነጥፍ አስጋሪው እርሻ ይገባል ወይ ይሰደዳል፤ ቀዝቃዛ መኪና የገዛው ሰው ግን ዕዳው ይቀመጥበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ተረካቢ በኪሎ ትንሽ ይክፈል።

ምሳሌ ልስጥ፤ ቁጥሩ የስሌት ነው፣ የየትኛውም ሐይቅ መረጃ አይደለም። ከአንድ ሐይቅ በዓመት 1,000 ቶን በማራገፊያ ያልፋል እንበል። አንድ ሚሊዮን ኪሎ ማለት ነው። በኪሎ 2 ብር ቢቆረጥ 2 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ሳህን ላይ ሲደርስ 2 ብር ማንም አያየውም። ሐይቁ ዳር ግን የጥበቃ ጀልባ ነዳጅ፣ የጥቂት ጠባቂዎች ደመወዝና በየሳምንቱ ዓሣ የሚለካ ሁለት ልጅ ያቆማል። ብዙ ባይሆንም ዛሬ ካለው ዜሮ ይሻላል።

በምላሹ ነጋዴው አንድ ነገር መጠየቅ አለበት፤ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ደረሰኝ የሚል። ማራገፊያው ላይ የከፈለ ሰው በመሸኛው ላይ ተጽፎለት፣ መንገድ ላይ በየደረሰበት እንደገና ክፈል ሊባል አይገባም። ለዚህ ከተስማሙልን ከ2 ብርም በላይ ብንከፍል አትራፊ ነን። መኪና ላይ ዓሣ ጭኖ አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ መቆም በኪሎ ስንት እንደሚያስከፍል የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ብሩ የት ይገባል? በአንድ ወረዳ የተቆረጠ የዓሣ ፈቃድ ደረሰኝ እጄ ገብቶ አይቼዋለሁ፤ የገቢ ርዕሱ "ልዩ ልዩ ገቢ" ይላል። የስብሰባ አዳራሽ ኪራይና የጠፋ መታወቂያ መተኪያ በሚገባበት ቋት ውስጥ ማለት ነው። ከዚያ ወጥቶ የቢሮ ወንበር ይገዛበታል፣ የመስክ ውሎ አበል ይከፈልበታል፣ ወይም ደግሞ በትክክል ለትምህርት ቤት ይውላል። ሌብነት ነው እያልኩ አይደለም። የመንግሥት ገቢ ወደ አንድ ቋት ገብቶ በበጀት መከፋፈሉ ወጉ ነው። ነገር ግን ዓሣ አስጋሪው የሚያየው መክፈሉን ነው፣ ሐይቁ ላይ ግን አንድም ነገር ሲመለስ አያይም። ሁለተኛ ጊዜ ክፈል ሲባል ሌሊት መውጣት ይጀምራል።

"ለአንድ ሥራ የተለየ ቋት በኛ አገር አይሠራም" የሚሉ ሰዎች የመንገድ ፈንድን ይመልከቱ። በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ተቋቁሞ፣ ነዳጅ ላይ ከሚሰበሰብ ገንዘብ መንገድ ይጠገንበታል። ጉድለት የለውም አልልም፤ ግን ከነዳጅ የመጣው ለመንገድ እንዲውል ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷል። ክልሎች በሚሰጡት ፈቃድ ላይ ክፍያ የመወሰን ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 አላቸው። አንድ የክልል ምክር ቤት የዓሣ ፈቃድና የኪሎ ክፍያ በየሐይቁ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይግባ፣ ከአስጋሪዎች፣ ከነጋዴዎችና ከጽሕፈት ቤቱ የተውጣጣ ቦርድ ይፈርምበት ብሎ ቢወስን የሚከለክለው ነገር አይታየኝም።

አሜሪካኖቹ ይህን በ1950 (እ.ኤ.አ.) ጨርሰውታል። ዲንጀል ጆንሰን በሚባለው ሕጋቸው የፌደራል መንግሥቱ በዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ላይ ከሚሰበስበው ቀረጥ ለክፍለ ግዛቶች ያካፍላል፤ ቅድመ ሁኔታው ግን ክፍለ ግዛቱ የዓሣ ፈቃድ ገንዘቡን ለዓሣና ለዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ሥራ ብቻ እንዲያውል ነው። ወደ ሌላ ያዞረ ክፍለ ግዛት ድርሻው ይቀርበታል። እነሱ ጋ ፈቃድ የሚገዛው አብዛኛው ለመዝናኛ የሚያጠምድ ሰው ነው፤ የኛ አስጋሪ ለእንጀራው ነው የሚወጣው፤ ያን ልዩነት አልዘነጋሁትም። የሚወሰደው መቆለፊያው ነው። ገንዘብን ለአንድ ሥራ የሚያስቀምጥ ሰው ቃል ብቻ ሳይሆን ቅጣትም ያስፈልገዋል።

የተሰበሰበው ብር መጀመሪያ ምን ላይ ይዋል? ለኔ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ የመራቢያ ጊዜና ቦታ ጥበቃ፣ ቀጥሎ ቆጠራ፣ ጫጩት መጨረሻ።

ጥበቃው ሐይቁን በሙሉ ዓመቱን ሙሉ መዞር አይደለም፤ ያንን የሚችል ብር የለንም። የወንዝ አፎቹንና ሸምበቆ ያለበትን ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ለጥቂት ሳምንታት መዝጋት ነው። እዚህ ጋ አስጋሪው "እኔስ በዚያ ጊዜ ምን ልብላ?" ይላል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ባንግላዴሽ ሒልሳ የሚባለው ዓሣቸው በሚራባበት በጥቅምት ግድም ለ22 ቀን ማስገር ይከለክላሉ፤ ለተመዘገቡ የአስጋሪ ቤተሰቦች ደግሞ መንግሥት ሩዝ ያድላል። የኛ የሐይቅ ቋት ሩዝ ማደል ባይችል እንኳ፣ በዚያ ጊዜ ጠባቂ ሆነው የሚቀጠሩት ራሳቸው አስጋሪዎቹ ሊሆኑ ይችላሉ። የወንዙን አፍ ከነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ሌሊት ማን እንደሚወጣም ያውቃሉ።

ጥበቃውን ለወታደር እንስጥ የሚል ሐሳብም ሰምቻለሁ። ዑጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2017 ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ወታደር አሰማርታለች። ሕገ ወጥ መረብ ተሰብስቧል፣ የናይል ፐርች ፋብሪካዎችም ተጠቅመዋል። ድሃው አስጋሪ ግን ጀልባው ተቃጠለ፣ ተደበደበ የሚል አቤቱታ ዓመታት ሙሉ ሲሰማ ኖሯል። እኛ አገር ይህን የሚሸከም ሐይቅ ያለ አይመስለኝም።

ቆጠራው ደግሞ ርካሽ ነው፤ በየሳምንቱ በተወሰነ ማራገፊያ ስንት ኪሎ፣ የምን ዓይነት፣ ርዝመቱ ስንት ብሎ መመዝገብ። ይህ ከሌለ በሚቀጥለው ዓመት ስንት መለያ እንሽጥ የሚለውን በግምት ነው የምንወስነው።

ጫጩት ላይ ለምን ጠንካራ ሆንኩ? በየዓመቱ ባለሥልጣን ተሰብስቦ "ይህን ያህል ጫጩት ወደ ሐይቁ ተለቀቀ" የሚል ዜና ፎቶ ታጅቦ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ስንቱ ተረፈ፣ ስንት ኪሎ ሆኖ ተመለሰ የሚል ዜና አንድም ቀን አላነበብኩም። የሰበታውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ሥራ አቃልዬ አይደለም። ጫጩት ዓሣ ባልነበረበት ወይም አዲስ በተጠራቀመ ውሃ ላይ ይሠራል፤ ሐይቅ ሐይቅ ላይ ዛሬ የሚሰገረው ቆሮሶ በሰው እጅ የገባ ነው፣ አሸንጌም እንደዚያው። በግድቦችና በገበሬ ኩሬዎችም ትርጉም አለው። ዝዋይ ወይም ጣና ላይ ግን እናቱ እያለች፣ የምትራባበትን ዳርቻ በጎታች መረብ እየጠረጉ፣ ከላይ ጫጩት መጨመር ከብት በሚውልበት ማሳ ላይ ዘር መበተን ነው። ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚለቀቅ ዓሣ ደግሞ ተመልሶ የማይወጣ ነገር ነው። ቪክቶሪያ ላይ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የገባው ናይል ፐርች በመቶዎች የሚቆጠሩ የሐይቁን ትንንሽ ዝርያዎች አጥፍቷል። ለኤክስፖርተሮች ትልቅ ገበያ ሆኗል፣ እሱን አልክድም። ጣና ላይ ግን ያለንን ብናጠፋው ከየትም አናመጣውም።

ክፍያ ሁሉን አይፈታም። ዝዋይ ላይ ለመስኖና ለአበባ እርሻ የሚሳበው ውሃ፣ ርብ ላይ የተሠራው ግድብ፣ ከወንዝ የሚዛቀው አሸዋ፣ እምቦጩ፣ እነዚህ ሁሉ በአስጋሪ ፈቃድ አይመለሱም። እንዲያውም አስጋሪው ብቻ እየከፈለ ውሃ የሚስበው በነጻ የሚስብ ከሆነ ፍትሕ የለበትም። የሐይቅ ሒሳብ ከተከፈተ ውሃ ሳቢውም እዚያው ይክፈል የሚል ሙግት ለማንሳት መነሻ ይኖረናል፤ ዛሬ የሚከፈልበት ቦታ ራሱ የለም።

የት ይጀመር ካላችሁ፣ ጫሞና ዓባያ በአንድ ክልል ሥር ብቻ ስላልሆኑ ስምምነቱ ጊዜ ይወስዳል። ዝዋይ በኦሮሚያ ሥር ነው፣ የአዲስ አበባ ገበያ ቅርብ ነው፣ ባቱ ላይ የምርምር ማዕከል አለ። ለሙከራ ከሱ የሚቀል አላየሁም። ሌላው የሕዳሴ ግድቡ ሐይቅ ነው። ሲሞላ 1,874 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ውሃ ነው። ገና ብዙ መረብና ብዙ ደላላ ሳይገባበት፣ የመለያውን ቁጥር፣ የኪሎ ክፍያውንና ሒሳቡን ከመጀመሪያው ማስተካከል ይቻላል። ዝዋይ ላይ አንድ መረብ መቀነስ ጠብ ያስነሳል፤ እዚያ ግን ገና ያልገባውን ነው የምንወስነው። ሁለት ሦስት ዓመት ከዘገየን ያው ነው።

ዩኒየኖች በሚቀጥለው የወረዳ ስብሰባችሁ ላይ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ባለፈው ዓመት ከዓሣ ፈቃድ ስንት ብር ተሰበሰበ፣ በየትኛው የገቢ ርዕስ ገባ፣ ሐይቁ ላይ ስንቱ ዋለ። መልሱን ላኩልኝ፣ የወረዳውን ስም ሳልጠራ እዚሁ አወጣዋለሁ። ነጋዴዎች ደግሞ ከምትረከቡበት ማራገፊያ አንድ ኪሎ ቆሮሶ በዚህ ሳምንት ስንት ራስ እንደወጣው ጻፉልኝ፤ ሐይቁንና ቀኑን ብቻ አብራችሁ አድርጉ። ከቡናና ከሰሊጥ ሰንጠረዡ በታች በየሳምንቱ አንድ መስመር እጨምርለታለሁ።